ያረፈ ኖራ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ካባ አለበሱኝ። ጥቁር ነው፣ ዳር ዳሩ በወርቅማ ክር የተጠለፈ። ሥራ አስኪያጁ ንግግር አደረገ፤ «በታማኝነት ያገለገሉ» የምትለዋን ቃል ደጋግሞ አነበባት። ታማኝነቴን ማን ጠየቀው? ታማኝማ ዘበኛውም ታማኝ ነው። እኔ «ሙያተኛ ነበረች» መባሉን ነበር የምፈልገው። ሲጨበጨብ ዓይኔ ከሰውየው ጀርባ የተሰቀለው ባነር ላይ ነበር። ስሜ በትልቁ ታትሟል፣ ከጎኑ የመሥሪያ ቤቱ አዲስ አርማ አለ፣ ቢጫ በነጭ ላይ። ቢጫ በነጭ ላይ! ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ የተቀመጠ ሰው ባዶ ጨርቅ ነው የሚያየው። አስተማሪዬ ሙሴ ራሞን ቢያዩት ኖሮ ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት ላይ ይረግጡት ነበር።

ስለ እሳቸው ሳልናገር ስለ ሥራ ዘመኔ ባወራ ውሸት ይሆንብኛል። ወደ ካባውም እመለስበታለሁ፤ ያ ካባ በዚያው ቀን ፈተና ተቀምጧል።

ሥራ የጀመርኩት ጭቃ በማቡካት ነው። ተወልጄ ያደግሁት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ አብዮቱ በፈነዳ ማግስት ትምህርቴን አቋርጬ በየግንባታው የቀን ሠራተኛ ሆንኩ። አሸዋ መንፋት፣ ሲሚንቶ መሸከም፣ ለለሳኙ ማቀበል። ለሳኙ ጋሼ ከማል ይባሉ ነበር። ልስን ሲጨርሱ ማለስለሻውን ታሎሽ ያስቀምጡና ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳብሰው «አልሐምዱሊላህ፣ የሕፃን ጉንጭ» ይላሉ። እኔ ደግሞ ገና ያኔ አፌ አያርፍም ነበርና «ጋሼ፣ ጉንጩ እዚህ ጋ ትንሽ ተላልጧል» እላቸዋለሁ። ይቆጣሉ፣ ያዩታል፣ ያስተካክሉታል። በኋላ አርማና የግድግዳ ሥዕል የሚሠራ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲቀጥራቸው «ይህቺን ምላሰኛም ውሰዱልኝ፣ ዓይን አላት» ብለው ይዘውኝ ገቡ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ግን በየወሩ ይመጣል፣ ያ ደግሞ ለቀን ሠራተኛ ትልቅ ነገር ነው።

ያኔ ሥራ ሞልቶ ነበር። እያንዳንዱ ቀበሌ፣ እያንዳንዱ ማኅበር፣ እያንዳንዱ ፋብሪካ አርማ ይፈልጋል። አለቃችን ጓድ ፍሥሐ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ፈሪ ነበር እንጂ። ከበላዩ ያለውን ሲፈራ ከበታቹ ያለውን ያስፈራራል። ጥቁር ሱፍ ልብሱን ዝናብም ሐሩርም አያስወልቀውም።

ሙሴ ራሞን ወደ አገራችን የመጡት ሚስታቸውን ተከትለው ነው። ሚስትየዋ ለአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ትሠራ ነበር፤ እሳቸው ግን ቤት መቀመጥ የማይሆንላቸው ሰው ናቸውና ግድግዳ ፍለጋ ወጡ፣ መሥሪያ ቤታችንም በኮንትራት ቀጠራቸው። ወፍራም፣ አጭር፣ ግራ እግራቸውን የሚያነክሱ ሰው ነበሩ። የሰፈራችን ልጆች በዚያ ዘመን ያዩት ፈረንጅ ሁሉ ኩባ ስለሚመስላቸው «ኩባ! ኩባ!» እያሉ ይከተሏቸዋል። እሳቸው ዞር ብለው «ኩባ አይደለም፣ ሜክሲኮ!» ይላሉ። አንዲት የጉልት ሻጭ አደባባዩን የሚሉ መስሏት «ውይ፣ ከሜክሲኮ እዚህ ድረስ በዚህ እግርዎ? አውቶቡስ አጡ?» ብላ አዘነችላቸው። ይህን ወሬ እስኪሄዱ ድረስ እየሳቁ ሲያወሩት ኖሩ።

አማርኛ የተማሩት ከቤት ሠራተኛቸውና ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ከሚወርዱት ሴቶች ነው፤ ስለዚህ ለሳቸው ሰው ሁሉ «አንቺ» ነው። ጓድ ፍሥሐን «አንቺ ጓድ» ሲሉት የሰውየው ጆሮ ይቀላል፣ እኛ ፊታችንን ወደ ግድግዳ እናዞራለን።

ኑሯቸውን በምሳ ሰዓት እየቆራረሱ ነገሩን። በሳቸው አገር ከተማም፣ ማኅበርም፣ የቤተሰብ ስምም በጋሻ ቅርጽ ውስጥ የሚሣል ምልክት አለው። አባታቸው ይህንን የጋሻ ሥዕል በመሥራት ልጆች ያሳደጉ ሰው ናቸው። ሙሴ በልጅነታቸው ጋሻ መሣል ከአባታቸው ተማሩ፤ ጎልማሳ ሲሆኑ ደግሞ ትላልቅ ግድግዳ የሚሥሉ ሰዎች ዘንድ ኖራ አቡኪ ሆነው ገቡ። «እንደ አንቺ» ይሉኛል። በገበያ አዳራሽ፣ በትምህርት ቤት፣ በባቡር ጣቢያ ግድግዳ ሣሉ፤ ከግንባታ መወጣጫው ከፖንቴ ላይ ወድቀው እግራቸው የተሰበረው ያኔ ነው። ለብዙ ትንንሽ ከተሞችም አርማ ሠሩ። አንዱን ግድግዳቸውን አንድ ከንቲባ ሥዕሉ አልጣመኝም ብሎ በቀለም አስደፈነባቸው። ይህን ሲነግሩን ግን አላዘኑም። «ቀለም ትወርዳለች፣ ኖራ ትቀራለች» አሉና እንጀራቸውን ጠቀለሉ።

ሕጋቸው ጥቂት ነበር፣ ግን አይታጠፍም። ብሩህ ቀለም በብሩህ ላይ አይቀመጥም፤ ነጭና ቢጫ ጎረቤት አይሆኑም፤ ጥቁርና ሰማያዊም እንዲሁ። አርማ ከዳገት ማዶ መለየት አለበት። ለዚህም አንድ ልማድ ነበራቸው። ንድፉን በትልቅ ካርቶን ላይ ሠርተን ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ አጥር ላይ እንሰቅለዋለን። ከዚያ እሳቸው እያነከሱ ጀርባቸውን ሰጥተው ዳገቱን ይወጣሉ፣ ድንገት ይዞራሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ። ያ ሲያልቅ እንጨት ተሸካሚዎቹ እስኪወርዱ እንጠብቃለን። «ሸክም ያለባት ሰው ለይሉኝታ ጊዜ የላትም» ይሉ ነበር።

ከሴቶቹ ሁሉ ምስክራቸው እታገኝ ነበረች፤ የኔ እኩያ፣ ቀጭን፣ ከእንጦጦ ማርያም በታች ካለው ጫካ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ የምትወርድ። ለሰፈራችን የሸማኔዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አርማ ስንሠራ የመጀመሪያው ንድፍ የጓድ ፍሥሐ ነበር፦ ኮከብ፣ መዶሻ፣ ማጭድ፣ የማሽን ጥርስ፣ ችቦ፣ ከመሐል ደግሞ አንዲት መወርወሪያ። እታገኝ ከሸክሟ ሥር ቀና ብላ አየችውና «የብረታ ብረት ሱቅ ሊከፈት ነው እንዴ?» አለች።

በማግስቱ ሙሴ ሁሉንም አውጥተው በቀይ ላይ አንዲት ነጭ መወርወሪያ ብቻ አስቀርተው ሰቀሉ። እታገኝ እግሯን ሳታቆም «የሸማኔዎች ናት» ብላ አለፈች።

«ኮከቡስ?» አለ ጓድ ፍሥሐ።

«አንቺ ጓድ፣ አርማ ስም ናት። ስም ስትረዝም ማንም አይጠራትም። ታሪኩን ግድግዳው ላይ እነግርሻለሁ።»

ግድግዳው የማኅበሩ አዳራሽ የውጭ ግድግዳ ነበር፣ ፊቱን ወደ እንጦጦው መንገድ የሰጠ። ሙሴ ከመጡ ጀምሮ በዘይት ቀለም ስንለቀልቅ እያዩ ጥርሳቸውን ሲያፋጩ ቆይተዋል፤ አሁን በራሳቸው መንገድ ሊሠሩ ነው። መንገዳቸው ይህ ነው፦ ለሳኙ በቀን ሠዓሊው ሥሎ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ይለስናል። ልስኑ እርጥብ እንዳለ ቀለም በውኃ ብቻ ተበጥብጦ ይቀባል፣ ሙጫ የለ፣ ዘይት የለ። ኖራው ሲደርቅ ቀለሙን ውጦ ድንጋይ ይሆናል። ሁሉ ነገር ያለው ኖራው ላይ ነው። ጥሬ ኖራ ውኃ ሲነካው ይፈላል፤ ከፈላ በኋላም ውስጡ ያልበሰለ ፍሬ ይቀራል። ስለዚህ በጉድጓድ ውስጥ ከውኃ ጋር ተቀብሮ በጋና ክረምት ማረፍ አለበት። ሲያርፍ እንደ ቅቤ ይሆናል። የኛን ግቢያችን ውስጥ ቀበርነው፤ ሙሴ በየሳምንቱ ክዳኑን ከፍተው በምላሳቸው ጫፍ ይቀምሱታል። «አልደረሰችም» ይላሉ፣ ይከድኑታል። እኔም ቀምሼዋለሁ። ምላሴን አቃጥሎኝ ቀኑን ሙሉ ሳልናገር በመዋሌ ጋሼ ከማል «ከዛሬ ጀምሮ ቁርሷን ኖራ አድርጉላት» አሉ።

ሙሴ አንድ ቃል ገብተውልኝ ነበር። ይህ ግድግዳ ከቆመ አርማውን የምሥለው እኔ ነኝ፤ በመዝገብም ከቀን ሠራተኛነት ወጥቼ ሠዓሊ እባላለሁ። ጓድ ፍሥሐም በዚህ ተስማምቷል። ግድግዳው ለአብዮት በዓል እንዲመረቅ ተወሰነ።

በነሐሴ ማለቂያ፣ ዝናቡ ጋብ ባለ ሰሞን፣ ኖራው ደረሰ። ሙሴ ቀመሱትና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀይ አፈር ብቻ ነበር የቀረን። ገበያ የሚሸጠውን ቀለም ኖራ ይበላዋል፤ ሰማያዊው አመድ፣ ቀዩ የታጠበ ደም ይሆናል። አፈር ግን አይበላም። ከራጉኤል ወዲህ መንገዱ የቆረሰው ገደል ላይ የጉበት መልክ ያለው አፈር አለ። ጋሼ ከማል፣ ሙሴና እኔ አህያ ተከራይተን ወጣን። ስንቆፍር ዋልን፣ አድረንም ጨምረን ስንለቅም አረፈድን።

ስንመለስ መንገዱ ተለውጧል። ከማርያም መውረጃ ጀምሮ ግራና ቀኙ ያለው ድንጋይ ሁሉ፣ የባሕር ዛፉ ግንድ ሁሉ ነጭ ተቀብቷል። ለበዓሉ መሆኑ ገባኝ፤ በየዓመቱ ይቀባል። የዘንድሮው ግን ሌላ ነበር። ነጩ ያበራል። እኔ ራሴ ቆሜ «ወይ ማማር!» አልኩ፤ ይህን አፌን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ሙሴ ግን ወደ አንዱ ድንጋይ ሄዱ። የማይታጠፈውን እግራቸውን ዘርግተው በሌላው ተንበረከኩ። በጣታቸው ነኩት። ከዚያ ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ አደረጉ።

«ይመኙ» አሉኝ። ስሜ ይመኙሻል ነው፤ እንዲህ ነበር የሚያሳጥሩት። «ይቺ የኛ ናት።»

እየሮጥኩ ወረድኩ። ጉድጓዱ ባዶ ነበር፤ ታችኛው ላይ የቀረችውን ዶሮ ትጭራታለች። ጓድ ፍሥሐ ግቢው ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። ለበዓሉ መንገዱ ይዋብ ተብሎ ትእዛዝ መጥቷል፣ ከመርካቶ ኖራ ጠፍቷል፣ እሱም «ግቢ ውስጥ ተቀብሮ ከሚበላሽ» ብሎ ለዘመቻው ሰጥቶታል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ጮህኩበት። ዘለፍኩት። ጋሼ ከማል ክንዴን ይዘው ባይጎትቱኝ እመታው ነበር።

ሙሴ በጸጥታ «ዘንድሮ ግድግዳ የለም» አሉ።

«እንዴት የለም? ፕሮግራሙ ላይ ተይዟል!» አለ ጓድ ፍሥሐ። «አዲስ ኖራ ነገ አስመጣለሁ። ኖራ ኖራ ነው።»

«አንቺ ጓድ፣ ጥሬ ኖራ ትፈነዳለች።»

«እንግዲህ ካልሠሩ ኮንትራቱ አበቃ። ይህችም ወደ አሸዋዋ ትመለሳለች።»

ሙሴ አዩኝ። ለራሳቸው ቢሆን ኖሮ ሳጥናቸውን ዘግተው ይሄዱ ነበር። ስላዩኝ ነው እሺ ያሉት። ይህንን አውቃለሁ፤ ልቤን እስከ ዛሬ ደስም ያሰኘዋል፣ ያመዋልም።

አዲሱን ኖራ በወንፊት ነፋነው፣ በጨርቅ አጠለልነው፣ የምናውቀውን ሁሉ አደረግን። ሠራን። ሸማኔዎቹ በእንቅልፋቸውም የሚያውቁት ሥራ ግድግዳው ላይ ወጣ፦ ድር የምታደራ ሴት፣ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰድዶ የተቀመጠ ሸማኔ፣ በሸክም የጎበጡ እንጨት ተሸካሚዎች። ከጉልበት በታች ባለው ጠርዝ ላይ ሙሴ የወፍ፣ የአበባና የዱር እንስሳ መስመር ሣሉ። ለምን እዚያ ታች ብዬ ብጠይቃቸው «የጎበጠች ሰው የምታየው እዚህ ነው፤ ለሷም ግድግዳ ያስፈልጋታል» አሉኝ። የመወርወሪያዋን አርማ ግን እራሳቸው ሣሉት። «ያንቺን በዚህ ኖራ ላይ አላስቀምጥም» አሉኝ፤ ያኔ አኮረፍኩ።

ዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ላይ ፀሐይ ወጣች። ግድግዳው በጨርቅ ተሸፍኖ ቀኑን ይጠብቃል። በበዓሉ ዕለት ሰው ተሰበሰበ፣ ማርሽ ተመታ፣ ከበላይ የመጡ እንግዶች ፊት ጨርቁ ወረደ። የሸማኔው ፊት ፈንጣጣ እንደያዘው ሰው ተቦድሷል። የሴትየዋ ዓይን የለም። መወርወሪያዋ መሐሏ ተፈልፍሏል። ሰው ሁሉ እያየ አንድ ፍሬ ኖራ «ጧ» ብላ ከግድግዳው ላይ ዘለለችና አንዱ እንግዳ ጫማ ሥር ወደቀች።

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። እንግዶቹ አልሳቁም። አንደኛው ወደ ጓድ ፍሥሐ ዞሮ «ይህ አሻጥር አይደለም?» አለው። በዚያ ዘመን ይህ ቃል እንደዋዛ የሚወረወር ቃል አልነበረም፤ ሰው ገብቶበት ያልወጣበት ቃል ነው። ሰውየው ሲሄድ ጓድ ፍሥሐ መንገድ ዳር ካሉት ነጭ ድንጋዮች አንዱ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። እኔም ፈራሁ። ለራሴም፣ ለጋሼ ከማልም፣ ከሁሉ በላይ ለሙሴ ፈራሁ፤ ሲሆን በውርደት የሚባረሩ፣ ሲከፋ ደግሞ ምን እንደሚሆኑ የማይታወቅ የሰው አገር ሰው ናቸው።

በማግስቱ ሦስታችንም ቀበሌው አዳራሽ ተጠራን። ሌሊቱን ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ መነጽር ያደረጉ፣ ድምፃቸውን የማያነሡ ሰው ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚያስፈራው። ጓድ ፍሥሐ ያንኑ ሱፉን ለብሶ ጥግ ተቀምጧል። ጋሼ ከማል ተጠየቁ፣ «ኖራው ጥሬ ነበር» አሉ። ለምን ጥሬ ኖራ አዋላችሁ ሲባሉ ዝም አሉ። እውነቱን ቢናገሩ ጓድ ፍሥሐ ራሱን ለማዳን ምን እንደሚል ማን ያውቃል? አይጥ በበላ ዳዋ ሊመታ ነው ብዬ ደሜ ፈላ።

«እኔ ልናገር» አልኩ።

«ማን ነሽ?»

«ኖራ አቡኪዋ ነኝ፣ ጓድ ሰብሳቢ።»

በአባቴ ሐዘን ላይ ስለነበርኩ ጥቁር ሹራብ ነበር የለበስኩት። ሄጄ የአዳራሹን ግድግዳ ተደገፍኩ። የቀበሌ ግድግዳ ሁሉ አንድ ነው፤ የተደገፈው ሰው ግማሹን ኖራ ተሸክሞ ይወጣል። ዞሬ ጀርባዬን አሳየኋቸው። ዱቄት ላይ የተንከባለልኩ ነው የምመስለው። አንዳንዶቹ ሳቁ።

«አሁን የጓድ ፍሥሐን ጀርባ እንይ» አልኩ። «ትናንት መንገድ ዳር ያለው ነጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ይነሡልን።»

ጓድ ፍሥሐ ላብ አጥምቆታል። ልታጋልጠኝ ነው ብሎ እንደፈራ ከዓይኑ አየሁ። ተነሣ፣ ዞረ። የሱፉ መቀመጫ ጥቁር እንደሆነ ነው፣ አንዲት ነጭ ነጥብ የለበትም።

«ካላመናችሁ እንውጣ» አልኩ። ወጣን። ዝናቡ የዳገቱን ጭቃ ሁሉ አጥቦ አውርዷል፤ ድንጋዮቹ ግን እንደ ትናንቱ ያበራሉ። ሰብሳቢው ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው አሹት፣ መዳፋቸውን አዩት፣ በሌላው እጃቸው ደግመው አሹት።

«ጓድ ፍሥሐ ለበዓሉ ያስዋቡት መንገድ ነው» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «በአዲስ አበባ እንዲህ ያለ የተቀባ ድንጋይ የለም። ኖራው በጋና ክረምት ያረፈ ነው። ሙሴ ያሳረፉት፣ ጋሼ ከማል የቀበሩት ኖራ ነው። የፈነዳው ያላረፈው ነው። ሰውም እጅም ያው ነው፤ ልዩነቱ ዕረፍቱ ነው።»

«ይህን ለግድግዳው ለምን አላዋላችሁትም?» አሉ ሰብሳቢው።

እኔ ጓድ ፍሥሐን አላየሁትም።

«መንገዱ ቀደመን፣ ጓድ።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ጓድ ፍሥሐን አዩት፣ እሱም ጫማውን አየ። የገባቸው ነገር ሁሉ ገብቷቸዋል፤ እኔም እንዲገባቸው ነበር የፈለግሁት፣ ግን ማንም ማንንም አልከሰሰም።

ያኔ ሙሴ እያነከሱ ወደ ፊት መጡ። «አንቺ ሰብሳቢ» አሏቸው፣ «አንድ ክረምት ስጪኝ። ግድግዳዋ ሁለተኛ ከፈነዳች ወደ አገሬ ላኪኝ።»

ሰብሳቢው በሕይወታቸው «አንቺ» የተባሉ አይመስለኝም። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ሳቁ። ሲስቁ ሁላችንም ሳቅን፤ ጓድ ፍሥሐ ከሁሉ አብልጦ ሳቀ፣ ሊያለቅስም ትንሽ ነበር የቀረው። «ይህቺ አፈኛ የኖራው ኃላፊ ትሁን» አሉ። የሥራ ዘመኔ የመጀመሪያ ሹመት ይኸው ነው።

ሌላ ጉድጓድ ቆፈርን። ጓድ ፍሥሐ ከዚያ ወዲያ የኖራው አባት ሆነ፤ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃ ይዞ ጉድጓዱ አፍ ላይ እንዲቆም አደረገ። በአገሪቱ ውስጥ በጠመንጃ የተጠበቀ ኖራ የኔ ብቻ ነው ብዬ እኮራለሁ። ጋሼ ከማል በጥበቃው ሲያልፉ «እስረኛው እንዴት አደረ?» ይሉታል።

በሁለተኛው ዓመት የሙሴን እጅ በደንብ አጠናሁ። ማለዳ ጋሼ ከማል ይለስናሉ። ሙሴ አይነኩትም፤ አጠገቡ ቆመው በጣታቸው ጀርባ ይጠይቁታል። ጣት ላይ ሳይጣበቅ፣ ጨርሶም ሳይደርቅ ሲያገኙት ይጀምራሉ። ሲባጎ በቀይ አፈር ነክረን ወጥረን እናስፈነጥራለን፣ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይታተማል። መጀመሪያ የሣሉት ሁሉ የጠቆረ ይመስላል፣ ሲደርቅ ይፈካል፤ ስለዚህ የሚያዩትን ሳይሆን የሚሆነውን ነው የሚቀቡት። ከሰዓት በኋላ ግድግዳው መጠጣት ያቆማል። ብሩሹ ላይ ያለው ውኃ መንሸራተት ሲጀምር፣ የተጀመረ ጣት እንኳ ቢኖር፣ ሙሴ ብሩሹን ያስቀምጣሉ። «ጠግባለች» ይላሉ። ጋሼ ከማል ያልተጨረሰውን ልስን ጠርበው ያነሡታል፣ ነገ እንደ አዲስ ይለሰናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔ ግን ሲሠራ ያየሁት እዚያ ነው።

ወደ መጨረሻው ሙሴ ብሩሹን ሰጡኝና ከፖንቴው ወረዱ። «አርማዋ ያንቺ ናት» አሉ። ቀዩን ሜዳ ቀባሁ፣ ነጯን መወርወሪያ ያለ አንድ ድጋሚ በአንድ ትንፋሽ አወጣኋት። ብዙ ሰው ጉራ ይመስለዋል፤ ሙሴ ግን ዳገቱ ላይ ወጥተው፣ ዞረው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ካዩ በኋላ ባርኔጣቸውን አነሡልኝ። ጋሼ ከማል «የሕፃን ጉንጭ» አሉ።

አንድ ነገር ቀረ። በሙሴ ደንብ ሠዓሊ በስሙ አይፈርምም፣ በምልክቱ ነው። የኔ ምን ይሁን? እኔ ንስር ፈለግሁ። ሙሴ ሳቁና «ምልክትን የሚሰጡሽ የሚያዩሽ ናቸው» ብለው እታገኝን አስቆሟት።

«ይቺን ልጅ ምን ብላችሁ ትጠሯታላችሁ?»

«ማ? የድንጋይዋ?» አለች እታገኝ። የቀበሌው ነገር ዳገቱን ሁሉ አዳርሶ ነበር። «የድንጋይዋ ነው የምንላት።»

ሙሴ ከጉልበት በታች ባለው ጠርዝ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ቀይ ጋሻ ሣሉ፣ መሐሏ አንዲት ነጭ ድንጋይ አስቀመጡ። ድንጋይ! ይህን ሁሉ ሠርቼ ድንጋይ! እንባዬ መጣ። ቀኑን ሙሉ አላናገርኳቸውም፤ እሳቸውም አላባበሉኝም።

በዓሉ መጣ፣ ጨርቁ ወረደ፣ አንዲት ፍሬ አልዘለለችም። ሠዓሊ ተብዬ ተመዘገብኩ። ሙሴ ሚስታቸው ስትዛወር አብረው ሄዱ፤ ከዓመታት በኋላ በተወለዱበት ከተማ ማረፋቸውን ሰማሁ። ጋሼ ከማልም አለፉ። እኔ ለእድር፣ ለትምህርት ቤት፣ ለእግር ኳስ ቡድን፣ ለገበሬ ማኅበር አርማ ስሠራ ኖርኩ። ደርግ ሲወድቅ ያን ግድግዳ በሰማያዊ የዘይት ቀለም ደፈኑት። አልተጨነቅሁም። በየክረምቱ ቀለሙ እየተላጠ ይወርዳል፣ ሸማኔው በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ይወጣል። ሁለት ጊዜ ደግመው ቀቡት፣ ከዚያ ሰለቻቸው።

እንግዲህ ወደ ካባው። ግብዣው ሲያልቅ ሜሮን፣ ባነሩን ዲዛይን ያደረገችው ልጅ፣ በመኪናዋ ቤቴ ልታደርሰኝ ይዛኝ ወጣች። ደግ ልጅ ናት፣ ቢጫዋን ሳልጨምር። ፈረንሳይ ስንደርስ «እዚህ አቁሚልኝ» አልኳት። ወርጄ ካባዬን እንደለበስኩ ሄድኩና ግድግዳውን በሙሉ ጀርባዬ ተደገፍኩት። ሸማኔው ከራሴ በላይ ነው።

«እትዬ ይመኙ! ካባው! ኖ፣ ኖ፣ ኖራ እኮ ነው፣ ነጭ ሊሆንብዎት ነው!»

«ይሁን» አልኩ። ትከሻዬን ግራና ቀኝ አሸሁት። ከዚያ ዞርኩላት። «እስቲ እይልኝ።»

መሽቶ ነበርና በስልኳ መብራት አየች። በእጇ ዳበሰች። «ምንም የለም» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ግርምት ነበር። «ጥቁር ነው። እንዴት?»

የካባውን ጫፍ ከመሬት ልታነሣልኝ ጎንበስ አለች። ጎንበስ እንዳለችም ቀረች።

«እትዬ፣ ይቺ እዚህ ታች ያለችው ትንሽዬ... ቀይ ላይ ነጭ... በጣም ነው የምታምረው። የማን ሎጎ ናት?»

«የኔ» አልኳት።